የሱዌዝ ቦይና ሳይጠሩ የተሻገሩት የባሕር ፍጥረቶች

የትምህርት ቤታችን የ50ኛ ዓመት በዓል መታሰቢያ መጽሔት ሲዘጋጅ፣ እኛም የታሪክ ክበብ አባሎች አንድ ጽሑፍ እንድናቀርብ ስለ ተፈቀደልን ደስታችን ከፍ ያለ ነው። ስለ ምን እንጻፍ ብለን ስንመካከር አንዳንዶቻችን ስለ ነገሥታት፣ አንዳንዶቻችን ስለ ጦርነት ይሁን አልን። በመጨረሻ የተስማማነው ግን በጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ በተነሣ በአንድ ጥያቄ ላይ ነው። መምህራችን የሱዌዝን ቦይ በካርታ እያሳዩ፣ መርከቦች ከባሕር ወደ ባሕር እንዴት እንደሚሻገሩና ለመሻገሪያቸውም ገንዘብ እንደሚከፍሉ ሲያስረዱን፣ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ጓደኛችን እጁን አውጥቶ «ዓሣዎቹስ? እነሱም ይሻገራሉ?» ሲል ጠየቀ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። መምህራችን ግን አልሳቁም፤ «መልሱን ፈልጋችሁ አምጡ» አሉን። እኛም ስንፈልግ ከርመን ያገኘነውን እነሆ ለአንባቢያን እናቀርባለን። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

ሁለቱ ባሕሮች

ቀይ ባሕርና ሜዲቴራኒያን በካርታ ላይ ሲታዩ የቅርብ ጎረቤቶች ናቸው። በመካከላቸው ያለው የሱዌዝ ምድረ በዳ ወርዱ 125 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በውስጣቸው የሚኖሩት ፍጥረቶች ግን ብዙ ሚሊዮን ዓመታት ተለያይተው የኖሩ ናቸው። ቀይ ባሕር ከሕንድ ውቅያኖስ ጋር የተያያዘ ሲሆን ውሃው ሞቃትና ጨዋማ ነው። ሜዲቴራኒያን ደግሞ በጅብራልታር በኩል ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ጋር ስለሚገናኝ፣ አብዛኞቹ ዓሣዎቹ የአትላንቲክ ዓሣዎች ዘመዶች ናቸው።

ሁለቱን ባሕሮች ለማገናኘት ማሰብ አዲስ ነገር አይደለም። የፋርስ ንጉሥ ዳርዮስ ከክርስቶስ ልደት በፊት 500 ዓመት ገደማ ከዓባይ ወንዝ እስከ ቀይ ባሕር የሚደርስ ቦይ አስቆፍሮ ነበር። ይሁን እንጂ ያ ቦይ ከዓባይ የሚነሣ ስለ ነበረ ውሃው የወንዝ ውሃ ነበር፤ የጨው ውሃ የለመደ የባሕር ዓሣም በዚያ በኩል መሻገር አይሆንለትም ነበር።

በ1799 ከናፖሊዮን ጋር ወደ ግብፅ የመጡት መሐንዲሶች መሬቱን ለክተው፣ ቀይ ባሕር ከሜዲቴራኒያን በ10 ሜትር ያህል ከፍ ይላል የሚል ውጤት አወጡ። ይህ ስሕተት ነበር። በ1847 እንደገና በተደረገው ልኬት ልዩነቱ እጅግ ጥቂት መሆኑ ታወቀ፤ ውሃው አገሩን ያጥለቀልቀዋል የሚለውም ፍርሃት ቀረ። ያች ጥቂት ልዩነት ግን ምን እንዳመጣች ወደ ፊት እናያለን።

ቦዩ ሲከፈት

ፈረንሳዊው ፈርዲናንድ ደ ሌሴፕስ የግብፅን ገዥ አስፈቅዶ፣ ኤፕሪል 25 ቀን 1859 በኋላ ፖርት ሰይድ በተባለው ቦታ ቁፋሮውን አስጀመረ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሥራውን የሠሩት ከየመንደሩ በግዳጅ የተሰበሰቡ የግብፅ ገበሬዎች ናቸው። በኋላም የግዳጁ ሥራ ሲቀር በእንፋሎት የሚሠሩ መቆፈሪያዎች ተተኩ። ኖቬምበር 17 ቀን 1869 ቦዩ በታላቅ በዓል ተከፈተ። ርዝመቱ 164 ኪሎ ሜትር፣ ጥልቀቱም 8 ሜትር ነበር። ይህም ዓፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ካረፉ ከ19 ወር በኋላ መሆኑ ነው።

የቦዩ መከፈት ለአገራችን ታሪክም እንግዳ አይደለም። በዓሉ ሊከበር ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ማለት ኖቬምበር 15 ቀን 1869፣ ጁሴፔ ሳፔቶ ለአንድ የጣልያን የመርከብ ኩባንያ ሲል በአሰብ ወሽመጥ መሬት ገዛ። ከዚያም በ1885 የጣልያን ወታደሮች ምጽዋን ያዙ፤ በ1896 ዐድዋ ላይ የሆነውን ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን። የሱዌዝ በር ሲከፈት ቀይ ባሕር የታላላቅ መንግሥታት መንገድ ሆነ። በዚያው በር ግን በተቃራኒው አቅጣጫ፣ ማለት ከደቡብ ወደ ሰሜን፣ ማንም ያልጠራቸው ሌሎች መንገደኞች ጉዞ ጀመሩ። የእነሱ ታሪክ በመማሪያ መጻሕፍታችን አልተጻፈም።

ሁለቱ ዘበኞች

ቦዩ እንደ ተከፈተ ወዲያውኑ ብዙ ዓሣ አልተሻገረም። ምክንያቱም በመንገዱ ላይ ሁለት ዘበኞች ቆመው ነበር፤ ሰው ግን አላቆማቸውም።

የመጀመሪያው ዘበኛ ጨው ነው። በቦዩ መካከል መራራ ሐይቆች የሚባሉ አሉ። ከቁፋሮው በፊት ይህ ቦታ የደረቀ ሸለቆ ሲሆን፣ በመካከሉ ከ10 ሜትር በላይ ውፍረት ያለው የጨው ንጣፍ ተጋድሞ ነበር። የባሕሩ ውሃ ሲለቀቅበት ጨው መሟሟት ስለ ጀመረ፣ የሐይቆቹ ውሃ ብዙዎቹ የባሕር ፍጥረቶች ሊችሉት የማይችሉት ሆነ። ከደቡብ የመጣው ዓሣ እዚያ ሲደርስ ይመለሳል፤ አለዚያም ይሞታል።

ሁለተኛው ዘበኛ የእኛው ዓባይ ነው። ወደ ግብፅ ከሚደርሰው የዓባይ ውሃ ከመቶ 85 ያህሉ ከኢትዮጵያ ደጋዎች የሚወርድ መሆኑን ተምረናል። ክረምቱ በጎጃምና በወሎ፣ በጎንደርና በትግራይ ሲዘንብ፣ ጎርፉ አፈሩን ተሸክሞ በበጋችን መግቢያ ግብፅ ጠረፍ ይደርስና የባሕሩን ፊት በጣፋጭ ውሃ ይሸፍነው ነበር። በቦዩ ሰሜናዊ አፍ አጠገብ የተዘረጋው ይህ የወንዝ ውሃ፣ ጨዋማ ውሃ የለመዱትን የቀይ ባሕር ፍጥረቶች ያግዳቸው ነበር።

ነገሩን አስቀድመው ከተመለከቱት ሊቃውንት አንዱ ኮንራድ ኬለር የሚባል የስዊስ የእንስሳት ሊቅ ነው። በ1882 ወደ ቦዩ ሄዶ ከሁለቱም ባሕሮች የገቡ ፍጥረቶች በመጓዝ ላይ መሆናቸውን አይቶ ጻፈ። ይኸው ሰው በ1918 የዳግማዊ ምኒልክ አማካሪ የነበሩትን የስዊስ መሐንዲስ የአልፍሬድ ኢልግን የሕይወት ታሪክ የጻፈ ነው። ስሙን በሁለት የተለያዩ ታሪኮች ውስጥ ስናገኘው የተገረምን መሆናችንን አንሸሽግም።

ዘበኞቹ ሲወርዱ

ጨው በውሃ ይሟሟል። በየዓመቱ የባሕር ውሃ በመራራ ሐይቆች ላይ ሲመላለስ ያ ታላቅ የጨው ንጣፍ ቀስ በቀስ ቀለጠ፤ የሐይቆቹም ውሃ ወደ ቀይ ባሕር ውሃ ተጠጋ። በ1902 ከቀይ ባሕር የተሻገረ የመጀመሪያው ዓሣ በሜዲቴራኒያን መያዙ ተመዘገበ። በ1924 ከካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የተላከ የሊቃውንት ቡድን ቦዩን ከጫፍ እስከ ጫፍ መረመረ። በኋላም ፍራንሲስ ዶቭ ፖር የሚባል ሊቅ ይህን መሻገር በቦዩ አስቆፋሪ ስም «የሌሴፕስ ፍልሰት» አለው። እንዲህም ሆኖ መርከብ ለማሳለፍ የደከመው ሰው ስሙ ለዓሣ ፍልሰት መጠሪያ ሆነ።

ተሻጋሪዎቹ አብዛኞቹ ከደቡብ ወደ ሰሜን የሚሄዱት ለምንድን ነው? መልሱ ያች ቀደም ብለን ያነሣናት ጥቂት የከፍታ ልዩነት ናት። በአብዛኛው የዓመቱ ወራት የቀይ ባሕር ውሃ በሱዌዝ በኩል ጥቂት ከፍ ስለሚል የቦዩ ውሃ ወደ ሰሜን ይፈሳል፤ እንቁላሉንና ጫጩቱንም ይዞ ይሄዳል። በተጨማሪም የቀይ ባሕር ፍጥረቶች ሙቀትና ጨው የለመዱ ናቸው። የምሥራቁ ሜዲቴራኒያን ደግሞ ሞቃትና ጨዋማ ሲሆን፣ የዓሣው ዓይነት ከምዕራቡ ያነሰ ነው።

ሁለተኛው ዘበኛ የወረደው በ1960ዎቹ ነው። የአስዋን ታላቅ ግድብ ከ1964 ጀምሮ ጎርፉን መያዝ ጀመረ፤ ሥራውም በ1970 ተፈጸመ። ግድቡ ለግብፅ ሕዝብ መብራትና የመስኖ ውሃ አስገኝቷል። በባሕሩ በኩል ግን ሁለት ነገር ሆነ። አንደኛ፣ ከደጋ አፈር ጋር ይመጣ የነበረው የባሕሩ ምግብ ስለ ቀረ፣ በ1962 እስከ 18,000 ቶን ይያዝ የነበረው የግብፅ ሰርዲን በ1968 ወደ 460 ቶን ወረደ፤ ያገገመውም ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ሁለተኛ፣ በየዓመቱ የቦዩን አፍ ይሸፍን የነበረው የወንዝ ውሃ ቀረ።

በ1967 በተደረገው ጦርነት ምክንያት ቦዩ ለመርከብ ተዘጋ። በታላቁ መራራ ሐይቅ ላይ 14 መርከቦች መውጫ አጥተው እስከ 1975 ድረስ ቆመው የምድረ በዳ አሸዋ ለበሱ። ውሃው ግን አልተዘጋም። መርከቦቹ በቆሙበት በዚያ ሐይቅ ውስጥ፣ ከሥራቸው፣ ዓሣዎቹ ጉዟቸውን አላቋረጡም። የሰው በር ሲዘጋ የእነሱ በር ክፍት ሆኖ መኖሩ፣ አንድ ጊዜ የተቀላቀለ ባሕር በሰው ትእዛዝ እንደማይለይ ያሳያል።

ያስከተለው ጉዳት

እስከ ዛሬ ድረስ ከ100 የሚበልጡ የዓሣ ዓይነቶች ከቀይ ባሕር ወደ ሜዲቴራኒያን ተሻግረዋል፤ ቀንድ አውጣው፣ ሸርጣኑና ሌላው ሲቈጠር ቁጥሩ ብዙ መቶ ይደርሳል። ሁሉም ጎጂዎች አይደሉም። ከነዚህ መካከል ዓሣ አጥማጆች በየገበያው የሚሸጧቸው፣ ሰውም ወዶ የሚበላቸው ዓሣዎችና ሽሪምፖች አሉ። ጥቂቶቹ ግን የባሕሩን ኑሮ አናግተውታል።

ቀዳሚዎቹ ሣር በል የሆኑ ሁለት የዓሣ ዓይነቶች ናቸው፤ ፈረንጆች በጥንቸል ስም ይጠሯቸዋል። አንደኛው በ1920ዎቹ፣ ሁለተኛው በ1950ዎቹ በሜዲቴራኒያን ታዩ። አልጌ የሚባሉት የባሕር ተክሎች በድንጋዩ ላይ እንደ ዱር በቅለው ለትንንሽ ዓሣ መጠለያ ይሆናሉ። እነዚህ ዓሣዎች በመንጋ ሆነው ተክሉን ከነቡቃያው ስለሚግጡት መልሶ ለማደግ ጊዜ አያገኝም። በ2014 የታተመ አንድ ጥናት፣ በቱርክና በግሪክ ጠረፍ 1,000 ኪሎ ሜትር በሚያህል ርቀት ላይ ተደርጎ፣ እነዚህ ዓሣዎች በበዙበት ቦታ ታላላቆቹ የባሕር ተክሎች ከመቶ 65፣ የፍጥረቱ ዓይነት ብዛት ደግሞ ከመቶ 40 መቀነሱን አስረድቷል። ፍየል የበዛበትን የአገራችንን ተራራ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

በምሥራቁ ጠረፍ ጢም ያለው አንድ ቀይ ዓሣ ነበረ፤ የአጥማጆች ዋና ገቢ እሱ ነበር። ከቀይ ባሕር የተሻገረው ዘመዱ መጀመሪያ ከተያዘው ውስጥ ከመቶ 10 እስከ 15 ብቻ ነበር። ከ1954 ወደ 1955 የተሻገረው ክረምት ሲሞቅ ግን መጤው ወደ 83 ከመቶ ደረሰ። ከዚህም የምንማረው፣ መጤው ለብዙ ዓመታት ጥቂት ሆኖ ኖሮ፣ ሁኔታው ሲመቸው በአንድ ዓመት ሊበዛ እንደሚችል ነው። የባሕሩ ሙቀት እየጨመረ በሚሄድበት በዛሬው ዘመን ይህ ትልቅ ማስጠንቀቂያ ነው።

ከ1970ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ደግሞ እንደ ጃንጥላ የተከፈተ፣ አጥንት የሌለውና የሚያቃጥል አንድ ጄሊፊሽ በሜዲቴራኒያን ታየ። በበጋ ወራት እጅግ ብዙ ሆኖ ወደ ጠረፍ ይጠጋል፤ ዋናተኛውን ያቃጥላል፤ የአጥማጁን መረብ ይሞላል። በ2011 በእስራኤል በሐዴራ ያለው የኤሌክትሪክ ማመንጫ ጣቢያ የማቀዝቀዣ ውሃውን የሚስብበት መግቢያ በጄሊፊሽ ተደፍኖ ሠራተኞቹ በብዙ ቶን ሲያወጡ ታይተዋል።

ሰውን በቀጥታ የሚገድል መርዝ ይዞ የመጣው ሆዱን የሚነፋው ዓሣ ነው። በሜዲቴራኒያን መጀመሪያ የተገኘው በ2003 በቱርክ ጠረፍ ሲሆን፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ምሥራቁን ባሕር በሙሉ አዳረሰ። መርዙ ቢቀቀልም ቢጠበስም አይጠፋም። በእስራኤል ከ2005 እስከ 2008 ድረስ 13 ሰዎች ይህን ዓሣ በልተው በመመረዛቸው ሐኪም ቤት ገብተዋል። ጥርሱ እንደ ጉጠት ስለሆነ መረብና መንጠቆ ይቆርጣል፤ ስለዚህ አጥማጁ ዓሣውንም መረቡንም ያጣል። የቱርክ መንግሥት ይህን ዓሣ ለሚያጠምዱ ሰዎች በጅራት ቆጠራ ገንዘብ መክፈል ጀምሯል።

የመጨረሻው በአንበሳ ስም የሚጠራው፣ መርዛም እሾህ ያለውና መልኩ የሚያምር ዓሣ ነው። በ1991 አንድ ብቻ ተይዞ ነበር፤ ከዚያም 20 ዓመት ያህል ጠፋ። ከ2012 ጀምሮ ግን በሊባኖስ፣ በቆጵሮስና በግሪክ ጠረፍ በዛ፤ በ2016 ኢጣልያ ደረሰ። ትንንሾቹን ዓሣዎች ይውጣል፤ እነሱም ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ አዳኝ ስላላዩ መሸሽን አያውቁም። በቆጵሮስ ጠላቂ ዋናተኞች በጦር እየወጉ ይቀንሱታል፤ እሾሁ ሲወገድ ሥጋው የሚበላ ስለ ሆነ ሕዝቡ እንዲበላውም ይመከራል።

የታሪክ ተማሪዎች ምን እንማራለን?

ደ ሌሴፕስ የሠራው ሥራ ለዓለም ንግድ ታላቅ ጥቅም መስጠቱን አንክድም። አፍሪካን ዞሮ የሚሄደው መርከብ ጊዜውና ነዳጁ ተቆጥቦለታል። እኛ የምንለው ስለ ሒሳቡ ነው። ሥራው ሲታቀድ የአፈሩ ብዛት፣ የገንዘቡ ልክና የመርከቡ ክብደት ተቆጥሯል። የጨው ንጣፉና የዓባይ ጎርፍ ግን ዘበኞች መሆናቸውን ያስተዋለ ስላልነበረ፣ ሲወርዱ የሚጠብቃቸው አልተገኘም። ያልታወቀ ዘበኛ ሲወርድ ተተኪ አይቆምለትም።

ሌላ መንገድ እንደ ነበረ ደግሞ የፓናማ ቦይ ይመሰክራል። በ1914 የተከፈተው ይህ ቦይ መርከቦቹን በመዝጊያዎች እያነሣ በጋቱን ሐይቅ ላይ ያሳልፋቸዋል። ሐይቁ የወንዝ ውሃ ስለ ሆነ አብዛኞቹ የባሕር ፍጥረቶች ሊሻገሩት አይችሉም። ይህም በእርግጥ ለመርከብ ሲባል የተሠራ እንጂ ለዓሣ ታስቦ አይደለም፤ ቢሆንም ሁለት ባሕሮችን ሳያቀላቅሉ መርከብ ማሳለፍ እንደሚቻል ያሳያል።

የሱዌዝ ቦይ ብዙ ጊዜ ሰፍቷል፤ ጠልቋልም። ዛሬ ርዝመቱ 193 ኪሎ ሜትር፣ ጥልቀቱ 24 ሜትር ነው። በ2014 የማስፋፊያው ሥራ በተጀመረ ጊዜ ብዙ የባሕር ሊቃውንት፣ አደጋው አስቀድሞ ይመርመር፣ የሚያግድ ነገርም ይሠራ ብለው ጽፈው ነበር። ካቀረቧቸው አሳቦች አንዱ፣ እጅግ ጨዋማ ውሃ በቦዩ ውስጥ እንደ ቀድሞው ዘበኛ እንደገና እንዲቆም ነው። 35 ኪሎ ሜትር የሚሆነው አዲስ መተላለፊያ ኦገስት 6 ቀን 2015 ተመረቀ። በ1859 የተቆፈረው ባለማወቅ ነበር፤ በ2014 ግን የ145 ዓመት ማስረጃ በእጅ ነበረ። በእኛ አስተያየት ከሁለቱ ይልቅ ሊያሳስበን የሚገባው ሁለተኛው ነው።

ይህ ነገር የሩቅ አገር ወሬ ብቻ ነው እንዳይባል፣ የራሳችንን ጣና ሐይቅ ማስታወስ ይበቃል። ከደቡብ አሜሪካ የመነጨውና አበባው ዓይን የሚማርከው እምቦጭ በ2011 በጣና ላይ ታየ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሰፊውን የሐይቁን ዳር ሸፍኖ የአጥማጆችን ጀልባና የከብቶችን መጠጫ ዘጋ፤ የአካባቢው ገበሬዎችም ውሃ ውስጥ ገብተው በእጃቸው ሲነቅሉት በቴሌቪዥን አይተናል። ጥቂት ሳለ ለመንቀል አንድ ቤተሰብ ይበቃው የነበረ አረም፣ ሲበዛ ለአገር ዕዳ ሆነ።

ጓደኛችን «ዓሣዎቹስ?» ብሎ በጠየቀ ጊዜ የሳቅን ሁላችን ዛሬ ይቅርታ ጠይቀነዋል። በ1859 ከመሐንዲሶቹ መካከል አንዱ ይህንኑ ጥያቄ አንሥቶ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ይሳቅበት ነበር፤ ምናልባትም ታሪኩ ሌላ በሆነ። ትምህርት ቤታችን በ50 ዓመት ዕድሜው ብዙ መሐንዲሶችንና አስተዳዳሪዎችን አፍርቷል፤ ወደ ፊትም ያፈራል። ከመካከላችን ነገ መንገድ የሚቀይስ፣ ግድብ የሚሠራ፣ ቦይ የሚያስቆፍር ሰው ቢገኝ፣ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት በዚህ በር ሌላ ማን ይገባበታል ብሎ እንዲጠይቅ አደራ እንላለን። ለትምህርት ቤታችንም ረጅም ዕድሜና መልካም በዓል እንመኛለን።